ጋሽ ቧንቧ እና የእናታችን የውሃ አበባ

እስከዚህ ድረስ አብራችሁን የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ አባታችንን ከመሸኘታችን በፊት የኖሩትን ኑሮ በአጭሩ እንድትሰሙልን እንለምናለን። ይህን ጽሑፍ ልጆቻቸው ተሰብስበን ስናዘጋጅ፣ ካለቀስንበት ይልቅ የተናደድንበት ጊዜ እንደሚበልጥ አንደብቃችሁም፤ ምክንያቱን ታሪካቸው ራሱ ይናገራል።

አባታችን ጡብ ከሚሠሩት አባታቸውና ልብስ በማጠብ ከሚተዳደሩት እናታቸው፣ በከተማ ዳር በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ከቤቱ ጀርባ የጡብ አፈር የወጣበት ሰፊ ጉድጓድ ነበረ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ይቋጥርና እስከሚቀጥለው ዝናብ ሳይነቃነቅ፣ አረንጓዴ ለብሶ ይቆይ ነበር። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ ገና አፏን በወጉ ሳትፈታ ወባ ወሰደቻት። ከቀብሯ መልስ አባታችን፣ ቁመታቸው ከአካፋው እጀታ የማይበልጥ ልጅ ሳሉ፣ ማንም ሳያዛቸው ከጉድጓዱ እስከ ወንዙ ድረስ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። እጃቸው እስኪላጥ ቆፍረው፣ በመጨረሻ ውሃው መሄድ የጀመረ ዕለት፣ ድምፁን እየሰሙ እንደተኙና ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝተው እንደማያውቁ ይነግሩን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእርሳቸው የሚሄድ ውሃ ጤና፣ የቆመ ውሃ ሞት ሆኖ ቀረ።

ትምህርታቸውን እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለው፣ በሙያ ማሠልጠኛ የቧንቧ ሥራ ከተማሩ በኋላ በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አገልግለዋል። ጆሯቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ውሃ የሚያፈሰውን ቦታ ያገኙ ነበር። ቁጭ በሉ ሲባሉ መቀመጥ የማይሆንላቸው፣ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚንጠባጠበውን ቧንቧ የሚያጠብቁ ሰው ስለነበሩ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ቧንቧ» የሚል ስም አወጣላቸው። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተው ሙሽሮቹን ሳያዩ፣ የአዳራሹን መጸዳጃ ቤት ጠግነው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ መመለሳቸውን ጎረቤት ሁሉ ያስታውሰዋል፤ እናታችን ግን የሚያስታውሱት ሱሪውን ራሳቸው ሰፍተውት እንደነበረ ነው።

እናታችንን ያገኟቸው በልብስ ስፌት ሱቃቸው የተሰበረ ቧንቧ ሊጠግኑ ሄደው ነው። ቧንቧው በአንድ ቀን ተሠርቶ ሲያልቅ፣ «እንዴት እንደያዘ ልየው ብዬ ነው» እያሉ በየሳምንቱ መመላለሳቸውን ያየች የሱቁ ጓደኛቸው፣ «አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ቧንቧ ነው ወይስ ሰው ነው የሚፈልገው?» ብላ ነገሩን አፍረጠረጠችው። ተጋቡ። እናታችን ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ ይዘው የመጡት የስፌት መኪናቸውንና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዝንጅብል የሚመስል አንድ ሥር ነው። ሥሩ ባደጉበት ቤት ጓሮ ከነበረው ኩሬ የወጣ የውሃ አበባ ነው፤ ቅጠሉ ክብ ሆኖ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ አበባውም ነጭ ነው፤ ረፋድ ላይ ይከፈትና ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። እናታችን ከልጅነታቸው የሚናፍቁት ሌላ ምንም ነገር አልነበረም፤ ይህንን አበባ በገዛ ግቢያቸው ፈክቶ ማየት ብቻ ነበር የሚፈልጉት።

ችግሩ አበባው የቆመ ውሃ የሚወድ መሆኑ ነበር።

አባታችን ለሚስታቸው እምቢ ማለት አልቻሉም፤ በግቢያቸው ውሃ እንዲቆምም አልፈቀዱም። ስለዚህ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር የሲሚንቶ ገንዳ ሠሩና፣ ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የፈቱትን፣ ውሃውን ከገንዳው ሥር እየሳበ በቀጭን ቧንቧ መልሶ ከላይ የሚያፈስ ትንሽ ፓምፕ ገጠሙለት። ውሃው ሌት ተቀን እየተንፏፏ መሄድ ጀመረ። እርሳቸውም የልጅነታቸውን እንቅልፍ በትዳራቸውም አገኙት፤ ያ ድምፅ ከሌለ ዓይናቸው አይከደንም ነበር። የአበባው ቅጠል ግን ውሃ በወረደበት ቁጥር ይበሳሳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ እምቡጡም ገና ከውሃው ሳይወጣ ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥታችን የሚያልቀው። አባታችን አበባው እንዲፈካ ያላደረጉት ነገር የለም። ፀሐይ ከልክሎታል ብለው በገዛ እጃቸው ያሳደጉትን የዘይቱን ዛፍ ቆረጡት። አፈሩ ቀለለ ብለው ከባድ ሸክላ አፈር በጋሪ አስመጡ። ጠለቀ ብለው አበባው ከተተከለበት ማሰሮ ሥር ጡብ ደረደሩ፤ ከፍ አለ ብለው ጡቡን አወጡ። እናታችን «ወባው ከሆነ የሚያስፈራህ፣ የትንኝ እጭ የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች እንጨምርበት» ሲሏቸው ደስ ብሏቸው ዓሣውን አመጡ፤ ከዚያ «ዓሣማ አየር ይፈልጋል» ብለው የፓምፑን ጉልበት ጨመሩ። የሰፈራችን ችግኝ ሻጭ መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር፣ «ጋሼ፣ እባክዎን ውሃውን ዝም ያሰኙት» ሲላቸው፣ «ዝም ያለ ውሃና ዝም ያለ ሰው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሞተዋል» ብለው ያልፉት ነበር። ታናሽ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለ ተክሉ የተጻፈ መጽሐፍ ተውሳ ምዕራፉን ስታነብላቸው በጥሞና አዳምጠው፣ «ጸሐፊው ቧንቧ ገጥሞ ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። በአጥር ላይ የሚያዩዋቸው ጎረቤት፣ «ጋሽ ቧንቧ፣ ጎመን ብትተክል ኖሮ እኮ እስካሁን ሰፈሩን ትመግበው ነበር» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እናታችንም ይበሳጩ ነበር። «አገሩን ሁሉ ውሃ አጠጥተህ የእኔን አንድ አበባ በውሃ ትገድላለህ?» ያሏቸውን ቀን እኛም ሰምተናል። ፓምፑን ግን አንድም ቀን አላጠፉትም። ማብሪያ ማጥፊያው ከስፌት መኪናቸው ጎን፣ እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። ለምን አታጠፊውም ስንላቸው፣ «አባታችሁ ይተኛ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡንም። እርሳቸው በአበባው ይናደዳሉ፣ እናታችን በእርሳቸው ይናደዳሉ፣ እኛ በሁለቱም እንናደዳለን፤ ቤታችን በዚህ ሁኔታ ልጅ አሳድጓል፣ አስተምሯል፣ ድሯል።

አባታችን የልብ ድካም አድሮባቸው ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ የፓምፑን ማጣሪያ የሚያጸዳ ሰው ስላልነበረ፣ እንዳይቃጠል ብለው እናታችን አጠፉት። ውሃው ረጋ። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ ገንዳው በቅጠል ተሸፈነ፤ ሐኪሞቹ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግረውን አባታችንን ወደ ቤት ስንመልሳቸው፣ አንድ እምቡጥ ከውሃው በላይ አንገቱን አውጥቶ ነበር።

አባታችን ገና ትራሳቸው ላይ ጋደም እንዳሉ፣ «ምነው ዝም አለ?» አሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ትልቁ ልጃቸው ሊያበራው ሲነሣ እናታችን ጨርቃቸውን ወደ መስፋት ተመለሱ። ስለ እምቡጡ የነገረቻቸው ሁለተኛ ልጃቸው ናት። አባታችንም፣ «ተወው፤ እንዳትነካው» አሉት ትልቁን ልጃቸውን። ዕድሜያችንን ሙሉ የጠበቅነውን ቃል የተናገሩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ሲያስቸግራቸው ሁላችንንም ይቆጡ ነበር፤ መጋረጃው፣ ሾርባው፣ የእግራችን ኮቴ፣ ያላናደዳቸው ነገር አልነበረም። የልጅ ልጃቸው በስልኩ የወራጅ ውሃ ድምፅ ፈልጎ ቢያሰማቸው ጥቂት አዳመጡና፣ «ይሄ ውሃ ያፈስሳል፤ ማን ነው የገጠመው?» ብለው አስጠፉት። ፓምፑን እናብራልዎት ብለን በለመንናቸው ቁጥር ግን፣ «የእሷን ነገር አንድ ጊዜ እንኳን ላድርግላት፣ ተዉኝ» ይሉን ነበር።

አበባው የፈካ ዕለት ረፋድ ላይ፣ አባታችን ከስንት ቀን በኋላ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። አበባው ነጭ ነው፤ መሐሉ የእንቁላል አስኳል ይመስላል። ሮጠን ልንቀሰቅሳቸው ስንሄድ እናታችንን በር ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠው አገኘናቸው። «እንቅልፍ ወስዶታል» አሉ፤ ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ ከበሩ አልተነሡም። እርሳቸው ራሳቸውም ሄደው አበባውን አላዩትም፤ የአባታችንን እንቅልፍ ሲጠብቁ ዋሉ። አባታችን ሲነቁ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ አበባው ተዘግቶ ነበር። «ሳትቀሰቅሱኝ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» ብለው በቀረቻቸው ጉልበት ሁሉ ተቆጡን፤ እናታችን ላይ ግን አልተቆጡም፤ «አየሽው?» ብለው ጠየቋቸው። እናታችንም «አየሁት» አሏቸው።

በማግስቱ ሰማዩ ደመነ፤ አበባው በደመና አይከፈትም። አባታችን በእኛ ተደግፈው ወጥተው፣ ልጃቸው ጃንጥላ ይዞላቸው፣ በካፊያው ውስጥ ከእናታችን ጎን ተቀምጠው የተዘጋውን አበባ ሲጠብቁ ዋሉ። በነጋታው ፀሐይ ወደ ግቢው ሳትደርስ ዐረፉ። ያን ዕለት አበባው ተከፍቶ ነበር ይባላል፤ ቤቱ በለቀስተኛ ስለተሞላ ልብ ብሎ ያየው ሰው የለም።

ትናንት አመሻሽ ላይ እናታችን ተነሥተው ፓምፑን አበሩት። ሁለት እምቡጦች እየመጡ እንደሆነ፣ ውሃው እንደሚያበሰብሳቸው ነገርናቸው። «ያለ እሱ ድምፅ እንዴት ብዬ ልተኛ?» አሉን። 

አባታችን ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በየቤታችሁ የማያፈስስ ቧንቧ ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በመልካም ቦታ ያሳርፍልን፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሚያስቧት ታናሽ እህታቸው ጋር ያገናኝልን። እናታችንን ልታጽናኑ ወደ ቤት የምትመጡ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ስለ አበባው አዝናችሁ ውሃውን እንዳታጠፉባቸው አደራ እንላለን።