ሻንጣ ያንጠለጠለው ሰውዬ

«ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ እትዬ... እንዲያ። ከስተዋል ልበል፣ ወይስ ቀሚሱ ነው የሰፋው? ኧረ ጠላትዎ ይክሳ! የጠዋቱን ንፋስስ አዩልኝ? የሱቄን በር ሊነቅለው ምንም አልቀረው። አሁን ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጭጭ...»

ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ በስፒል ትይዛለች። በርጩማው ላይ የቆሙት እትዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ሳይታወቃቸው አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ። ከጀርባቸው፣ ከመለኪያው መጋረጃ ኋላ፣ የዜማው ባለቤት በውስጥ ልብሷ ቆማለች። ማታ የምትዘፍንበት ቀሚስ ዚፑ ተበጥሶ የስፌት መኪናው ላይ ተዘርግቷል። ልብስ ሰፊው ሁሉ «ለነገ» ብሎ ቢመልሳት ነው እዚህ የገባችው። ሱቁ የማን እንደሆነ አላወቀችም። እስከ አምና ድረስ የልብስ ሰፊዋ ወንድም ሚስት ነበረች። በር ላይ ሲተያዩ ግን ሁለቱም እንደ ባዳ «ደህና ዋልሽ» ተባባሉ፤ ቀሚሱም ወለቀ።

«እርስዎም ተለከፉ እትዬ? ምን ያድርጉ፣ ታክሲው ውስጥ እሱ፣ ዳቦ ቤቱ እሱ... ‹ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፣ ዞር ብሎም አላየኝ›። ወይ ግጥም! እኔ መጀመሪያ ስሰማት ጉንፋን የያዛት መስሎኝ፣ ‹ምነው ትኩስ ነገር የሚሰጣት ዘመድ የላትም?› ብዬ አዝኜላት ነበር። ለካ የፈረንሳዮች አዘፋፈን ነው! ግማሹን ታወራዋለች፣ ግማሹን ትተነፍሰዋለች፣ የቀረውን ማሽኑ ድም ድም እያለ ይጨርስላታል። ‹ር›ንማ ጉሮሮዋ ውስጥ ትጉመጠመጥባታለች እንጂ መች ታወጣታለች? ቀላል እንዳይመስልዎ። ሌላው ዘፋኝ ምስኪን መዝፈን አለበት።

«ደግሞ አነጋገሯ! ሬዲዮ ላይ ሲጠይቋት፣ ‹የፈረንሳዮቹን የድሮ ዘፈን ከዘመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አጋባሁት› አለች። አጋባሁት! እኛ የምናውቀው የድሮውን ጥሎ አዲሱን ማግባት ነበር... ዜማውን ነው የምልዎት እትዬ፣ ዜማውን።»

መጋረጃው ንቅንቅ አለ።

«ቀሚሴ አልደረሰም ወይ የሚል ሰው አለ መሰለኝ... ይደርሳል። ቀድመው የመጡት እርስዎ ነዎት፤ ቀድሞ የመጣን ጥሎ ኋላ ለመጣ ማደር የእኛ ቤት ደንብ አይደለም።

«እኔ ይቺን ልጅ የምወድላት እውነተኛነቷን ነው። አንድ የማውቀው ሊፍት ጠጋኝ አለ፤ ዝምተኛ፣ ሲናገር ሰው የሚያስቸግር የሚመስለው ዓይነት። ሚስቱ መዝፈን አማራት። ቁም ሳጥናቸውን ባዶ አድርጎ፣ ውስጡን በብርድ ልብስ አለበሰላት፤ አምፖል ሰቀለላት፤ ማይክ አስገባላት። ሳጥኑ ሲለብስ የሱ ልብስ ወንበር ላይ ቀረ። ዓመት ሙሉ ልብሱ ወንበር ላይ፣ ሚስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ! ከዚህ በላይ ሚስትን አክብሮ ማስቀመጥ አለ? ኋላ አንድ አቀናባሪ መጣና ‹ድምጿን ላጥራላት› አለ። አጠራላት። ድምፅ የሚያጠራ ማሽን ከተሠራ እትዬ... ነገር የሚያጠራው መቼ ይመጣ ይሆን?

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። ይቺኛዋ እያለቀሰች ነው የሄደችው... አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ልቅሶው ኋላ ነው የተቀዳው። የዚያን ዕለት ሊፍቱ አይሠራም። የሊፍት ጠጋኝ ቤት አይደል? አቀናባሪው ታች መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ሻንጣዋ ከበዳት። ማን ያወረደላት ይመስልዎታል? ባልየው! አራት ፎቅ፣ ‹ደረጃው ላይ እንዳትወድቂ፣ ቀስ› እያላት። ታዲያ ዘፈኑ ምኑ ላይ ዋሸ? ሻንጣ አንጠልጥሎ ወጣ፤ ወጥቷል። ዞር ብሎ አላየኝም፤ ሻንጣ ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድ በምን አንገቱ ይዙር? የማን ሻንጣ እንደሆነ ብቻ አልተነገረም። ቤት አልመታ ብሏት ይሆናል... ቤት መምታት እንኳ ታውቅበት ነበር።»

እትዬ ማንጎራጎራቸውን ትተዋል። ስፒሉ የልብስ ሰፊዋን ጣት ወጋት፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ወንድሟ ታያት። ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ የሥራ ጓደኞቹ ሲያዩት ዜማውን ያፏጩበታል። አንዲት የሕንፃው ነዋሪ፣ ሊፍት ውስጥ ስታየው፣ ልጇን እጇን ይዛ በደረጃ ሄዳለች። በዚያ ሰሞን አንድ ሆቴል ሊፍት ሊጠግን ሄዶ፣ እሱ ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ ዘፈኑ ከራሱ በላይ ካለው ድምፅ ማጉያ እየተመላለሰ ሲዘፈን ዋለ። ማታ ሱቋ መጥቶ ተቀመጠ። «ድምጿ ጥሩ ወጥቷል» አላት፤ «ድም ድሙ ብቻ በዛባት።» ሌላ ቃል አልተናገረም። ያን ጊዜ ያለቀሰችው እህቱ ናት፤ እዚያው መጋረጃ ኋላ ገብታ፣ እንዳያያት አፏን በጨርቅ ይዛ።

ብድግ ብላ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ድምጿ ተመልሶ ማር ሆነ።

«እርስዎ ጨርሰዋል እትዬ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ። ይቺን ዚፕ ላብቃላት... ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል፣ ለዚፕም ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር! እሷ ግን አታስብ፤ እኔ ድርብ አድርጌ ነው የምሰፋው። እኔ ቤት የተሰፋ ነገር በራሱ ተበጥሶ አያውቅም፤ የሚበጥሰው እጅ ካልመጣ በቀር።»

ቀሚሱን በመጋረጃው ጎን አቀበለችው። አንድ እጅ ወጥቶ ተቀበላት። ጥቂት ቆይቶ ሴትዮዋ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ወጣች፤ ቀሚሱ ልክክ ብሎባታል። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ግን ፊቷን ወደ እትዬ አዞረች።

«እንዴት እንዳማረባት አያዩም? ዛሬ መድረክ ላይ ትወጣለች አሉ። የስንቱን ልጅ ተቀብለው መርቀዋል፤ የእርስዎ ምርቃት ጠብ አይልምና አብረን እንመርቃት። እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም። እግዜር የአፏን ቃል ይስማላት። ከዘፈነችው አንዲት ቃል መሬት አትውደቅባት... ሁሉንም እንደ ዘፈኗ ያድርግላት! አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ።»