ውሃው እስከ ደረት

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ፤ የከተማዋ የውሃ ፖሎ ቡድን ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፍሯል፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አሰገደችና አሰልጣኙ መርዕድ ይነጋገራሉ።

መርዕድ፦ ቡድኑ ይቅር አላልኩም። ዛሬ አይሂድ ነው ያልኩት።

አሰገደች፦ ሞተር ከተነሳ በኋላ? ማርሽ ባንዱ እየተጫወተ፣ እናቶች ዳቦ ቆርሰው መርቀው ከጨረሱ በኋላ? ሙሽራው ደጅ ሲደርስ "ልጅቷ ትቆየኝ" የሚል አባት አይተህ ታውቃለህ?

መርዕድ፦ ልጅቷ የሰው ሚስት መሆኗን ያን ዕለት የሰማ አባት ይላል።

አሰገደች፦ ምን ጎደለና? ማሊያው አለ፣ ኮፍያው አለ። በክልሉ ውድድር አስራ አራት ለባዶ ያሸነፈ ቡድን ነው።

መርዕድ፦ ያሸነፍነው በእኛ ገንዳ ነው።

አሰገደች፦ አዘጋጅ እኛ ነበርና! በማን ገንዳ ልናሸንፍ ኖሯል?

መርዕድ፦ ወይዘሮ አሰገደች፣ የእኛ ገንዳ ውሃው ደረት ድረስ ነው። እንግዶቹ እየዋኙ መጡ፣ የእኛ ልጆች ቆመው ጠበቋቸው።

አሰገደች፦ እንግዳን ቆሞ መቀበል ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

መርዕድ፦ በዚህ ጨዋታ ነውር ነው። ወለል መርገጥ አይፈቀድም። ተጫዋቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየዋኘ ነው የሚጫወተው።

አሰገደች፦ ታዲያ ዳኛው የት ሄዶ ነበር? ፊሽካ ሲነፋ አይደለም እንዴ የዋለው?

መርዕድ፦ ዳኛውን ከእጅ ኳስ ነው የተዋስነው። "እርምጃ አበዛህ" እያለ ነበር የሚነፋው። ሰውዬው ውሃ ውስጥ እርምጃ ሲቆጥር አንድም ሰው አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ እየመራን ነበራ።

አሰገደች፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ "የዓመቱ አሰልጣኝ" ስትባል አፍህን ምን ያዘው?

መርዕድ፦ ጋቢ አለበሱኝ፣ ሞቀኝና ዝም አልኩ።

አሰገደች፦ ዛሬ በረደህ?

መርዕድ፦ ሰሞኑን ምርጫው የሚደረግበትን ገንዳ ሄጄ አየሁት። ረጅም ዘንግ ሰደድኩበት፣ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሰገደች፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ማን ዘንግ ስደድ አለህ? ይልቅ አሁን አንተ ስማኝ። ይህን ስፖርት ስትጀምር ስንት ልጅ ነበረህ?

መርዕድ፦ አራት። ሁለቱ የእህቴ ልጆች።

አሰገደች፦ ለምን? እናቶች ልጅ አልሰጥም አሉህ። "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" አሉህ። ገንዳውን ማን አስጎደለ? እኔ። "እዩት፣ ደረት ነው" ብዬ ከነቀሚሴ ገብቼ መሀሉ ላይ የቆምኩት እኔ። በማግስቱ የተመዝጋቢው ሰልፍ አስፋልት ደረሰ። ዛሬ "የወጣቶች ተሳትፎ አደገ" ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የእኛ ከተማ ነው።

መርዕድ፦ ወጣቱ የበዛው ውሃው ስላነሰ ነው።

አሰገደች፦ ይብዛ እንጂ በፈለገው ይብዛ።

መርዕድ፦ መብዛቱን አልጠላሁም። ቆሞ የሚጠብቅ ብሔራዊ ቡድን ግን ማንንም አይፎካከርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የዓሣ አጥማጆቹን ልጆች፣ እነ ቦናያን እንኳ ብንይዝ አንድ ነገር ነበር። ከጀልባ እየዘለሉ ያደጉ ናቸው።

አሰገደች፦ ቦናያ ትከሻዬ ላይ የማይደርሰው ልጅ ነው? በምልመላው ቀን ጭንቅላቱ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሰመጠ ብዬ ደንግጬ።

መርዕድ፦ አልሰመጠም። እየዋኘ ነበር። በቁመት ስንመርጥ ጣልነው።

አሰገደች፦ በቁመት እንምረጥ ያልከው አንተ ነህ።

መርዕድ፦ ደረት በሚደርስ ውሃ የሚያሸንፈው ረጅም ነዋ። በሉ አሁንም ሳይቃጠል በቅጠል። አውቶቡሱ በሐይቁ በኩል ይዙር። ዳር ዳሩን ጀልባ እናቁምና አንድ በአንድ እንያቸው። የዋኘ ይሂድ፣ ያልዋኘ ይማር።

አሰገደች፦ ሐይቁ ውስጥ?

መርዕድ፦ ዳር ላይ ነው ያልኩት።

አሰገደች፦ ወንድሜንም የበላው ዳር ላይ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ዓሣ በቤቷ አልገባም። እኔም ያን ሐይቅ በመንገድ ሳልፍ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው። በእኔ ፈቃድ አንድ ልጅ እዚያ አይገባም።

መርዕድ፦ ይህን አላውቅም ነበር፣ እትዬ አሰገደች። ነፍስ ይማር።

አሰገደች፦ ይማር። ስለዚህ ልጆቹ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የዚያኛው ጥርት ያለ ሰማያዊ ገንዳ ነው፣ መያዣ ብረት አለው። ባያሸንፉ ልምድ ይቀስማሉ።

መርዕድ፦ ሰማያዊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ የሐይቅ ነው። ይሄ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

አሰገደች፦ ይሁና። ይመጣሉ ብዬ ለበላይ ቃል ሰጥቻለሁ።

መርዕድ፦ እሺ። እንግዲያው አጀማመሩን ልንገርዎት። ኳሷ ገንዳው መሀል ትቀመጣለች። ፊሽካ ሲነፋ ከእኛ በኩል ቀድሞ ወደ እሷ የሚወጣው ካፒቴኑ ነው።

አሰገደች፦ ካፒቴኑ ያፌት ነው።

መርዕድ፦ አዎ፣ ልጅዎ።

አሰገደች፦ ያፌት ዋና ይችላል።

መርዕድ፦ ቁመቱ ጥሩ ነው።

አሰገደች፦ መርዕድ፣ ዋና ይችላል ወይ ነው የምልህ።

መርዕድ፦ እናቱ ገንዳውን አስጎደለችበት፤ የት ይማር?

አሰገደች፦ እንግዲያው ያፌትን አውርደው። ሆዱን ቆርጦታል በል። የቀሩት ይሂዱ።

መርዕድ፦ አወርደዋለሁ። እናቶቹ ግን መስኮቱ ሥር ናቸው፣ የልጆቻቸውን እጅ ይዘው። የእርስዎ ልጅ ብቻውን ሲወርድ ያያሉ። ልጆቻቸውን የሰጡን ከነቀሚሷ ውሃ የገባችውን ሴት አምነው ነው። የእነሱን ልጅ ሆድ ያልቆረጠው ለምንድነው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?

አሰገደች፦ አንተ ምንም አትበላቸው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሹፌሩን ሞተሩን ያጥፋ በለው፣ ሁሉም ይውረዱ። ከዚያ ቦናያን ጥራልኝ፤ ሐይቁ ዳር ያፌትን እሱ ይዞልኝ ይግባ፣ እኔ ጀልባው ላይ እቀመጣለሁ።