ቁጭ በይ የተባለችው ምሕረት

እኛ አንጋጫ ገጠር ውስጥ ልጃገረድ በነበርንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የታጨች ልጅ ሥራ ይበዛባት ነበር እንጂ አትቀመጥም። እንሰት ስትፍቅ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትመላለስ ነው የሚመሽባት። አሁን ሌላ ነው። የወንድሜን ልጅ ምሕረትን ታውቋት የለም? እዚህ ሆሳዕና ቤት ለቤት እየዞረች ሕፃናት የምትከትበዋን? የማወራችሁ የእሷን ነው።

ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ በስልክ አጫት። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን «የእኔ እጮኛ ፀሐይ ለፀሐይ አትንከራተትም፤ ሥራውን ተዪና ቁጭ በይ፣ ወረቀትሽ ሲያልቅ አስመጣሻለሁ» አላት። እናቷም «ልጄ አረፈችልኝ» ብላ ደስ አላት። እና ምሕረት ቁጭ አለች። ጠዋት ሶፋው ላይ፣ ከሰዓትም እዚያው ሶፋ ላይ፣ ስልኳን ይዛ። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ወረቀቱ አላለቀም።

መጀመሪያ ጨዋታዋ ጠፋ፣ ከዚያ እንቅልፏ። አብረዋት የሚዘምሩት ጓደኞቿ ሲመጡ «አሞኛል በሏቸው» ትላለች። ታዲያ ጤና ጣቢያ ወሰድኳትና ነርሷ «ቀኑን ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» አለቻት።

«እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እቀመጣለሁ» አለች፣ እንዲህ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ «እማማ፣ መቀመጡ ብቻ ነው አልልም። ግን በእግሯ ትሂድ፣ ከሰው ትቀላቀል፣ በየሳምንቱም ወደ እኛ ያምጧት» አለችኝ።

እና ይዣት ልወጣ ስል እናቷ «ሰው አይቷት ቢነግረውስ?» አለች። «ይንገረው» አልኳት። ዳገቱን ሳንጨርስ ምሕረት ቆመች። ስንት ሰፈር ስትዞር ትውል የነበረች ልጅ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ መንገድ ዳር እያለቀሰች «አክስቴ፣ ስወጣ ሰው ሁሉ መቼ ነው የምትሄጂው ይለኛል፤ መልስ የለኝም። ስቀመጥ ደግሞ የሞትኩ ይመስለኛል» አለችኝ። እጇን ያዝኩና ቀስ እያልን ሄድን።

በነጋታው ራሷ ለእጮኛዋ ደወለችለት። አጠገቧ ነበርኩ።

«ሥራ ልጀምር ነው» አለችው።

«ሰው ምን ይለኛል?» አላት።

«እኔን ግን ምን ሆንሽ አላልከኝም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቀዘቀዘ፣ ይኸው መደወሉንም ተወ። ሥራዋን ልትጠይቅ ብትሄድ ደግሞ «ቦታሽ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል» አሏት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ትሄዳለች፣ ጤና ጣቢያም አልቀረችም። ትበላለች፣ ትንሽ ትንሽ ትተኛለች። ግን ስታወራችሁ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ድናለች አልላችሁም።

እማማ ይህን ብለው ሲጨርሱ ከአዳማጮቹ መሀል አንዲት እናት ቀስ ብለው ተናገሩ፦

«እማማ፣ የእኔም ልጅ ቤት ተቀምጣለች። ጠዋት ከእናንተ ጋር እንድትሄድ ይዣት ልምጣ?»

«ይዘሻት ነይ። ባጃጅ አትያዙ፣ በእግራችሁ ኑ።»