በሹራብ ኪስ የተቀመጠ ምስጢር

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ላጥብ ወደ ሕንፃችን ምድር ቤት ወርጄ፣ ከማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ፍላሽ አገኘሁ። ገና ትሞቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት በላቦራቶሪ የሠራ ሰው ባለቤቱ ያልታወቀ ናሙና ሲያገኝ መጀመሪያ መለያውን ይፈልጋል። እኔም ቤቴ ወጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ሰካኋት። ያለባት አንድ ፋይል ብቻ ነው። አልከፈትኩትም፤ መክፈትም አላስፈለገም። የፋይሉ ስም የአንድ ሰው ሙሉ ስም ሲሆን፣ ቀጥሎ «ሚስቱ በምትኖርበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ላይ የሰጠው የክስ ቃል» ይላል። ሰውየው ሐሙስ ሐሙስ አብሮኝ ከርሊንግ የሚባለውን፣ በረዶ ላይ ድንጋይ የማንሸራተት ጨዋታ የሚጫወት ወዳጄ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ፍላሿን ነቅዬ ወደ ምድር ቤቱ ስመለስ ጎረቤቴ ዊልማ ፍሪሰን ራሷን ማድረቂያው ውስጥ ከታ ስትፈልግ ደረስኩ። ዊልማ ቤቷ ተቀምጣ፣ ጠበቆች የሚልኩላትን የድምፅ ቅጂ እየሰማች በጽሑፍ የምትገለብጥ ሴት ናት። አጠገቧ ከአራተኛ ፎቅ የወረደችው ማሪዬል አንሶላ ታጥፋለች። ማሪዬል የሆስፒታል መዝገብ አያያዝ የምትማር ወጣት ስትሆን፣ በፊሊፒኖች ልማድ ዊልማን «ቲታ»፣ አክስቴ እንደማለት፣ ትላታለች።

«ኦረስት፣ እዚህ ምንም አላየህም?» አለችኝ ዊልማ።

ፍላሿን ሳወጣ እጄን ልትስም ምንም አልቀራትም። «የአራት ቀን ሥራዬ! ዛሬ ከሰዓት ጠበቆቹ ጋ ካልደረሰ ሌላ ሥራ አይሰጡኝም። ከዚህች በቀር የትም የለም።»

«የትም?» አለች ማሪዬል፣ አንሶላውን ትታ። «ድምፁስ?»

«ተይቤ እንደጨረስኩ አጠፋዋለሁ። ኮምፒውተሬም ላይ አላስቀርም። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ቅጂው በበዛ ቁጥር የሚያየው ሰው ይበዛል ልጄ። የኔ ሥራ ከሹራቤ ኪስ ወጥታ አታውቅም።»

«ዛሬ ግን ከነሹራቡ ታጠበች።»

«ብትታጠብስ? ይኸው ተረፈች!»

«መትረፏን በምን አወቁ?»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ግን ያየሁትን የመደበቅ ልማድ የለኝም። «ተርፋለች። ባለቤቷን ለማወቅ ብዬ ሰክቼ አይቻታለሁ» አልኩ።

«አይቻታለሁ ማለት?»

«የፋይሉን ስም ብቻ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ዊልማ።»

የልብስ ቅርጫቷ ላይ ቁጭ አለች። ማሪዬል ወደ እኔ ዞረች። «ሚስተር ኦረስት፣ መሬት ላይ የወደቀ ከረሜላ አንስተው ይበላሉ?»

«በጭራሽ!»

«ታዲያ የማያውቁትን ፍላሽ እንዴት ኮምፒውተርዎ ላይ ይሰካሉ? ለሕንፃው ጠባቂ መስጠት ነበረብዎት።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ጓንት ናሙና ነክቼ የማላውቅ ሰው፣ በሐፍረት እስከ ጆሮዬ ቀላሁ።

ሦስታችንም ወደ ዊልማ ቤት ወጣን። ማሪዬል ከቁልፍ ማንጠልጠያዋ ላይ የራሷን ፍላሽ ፈታች። «ይቺን ከእጄ ስለተቀበሉ አይፍሩ፤ ይክፈቷት።»

ዊልማ ሰካቻት። የይለፍ ቃል ጠየቃት። የማሪዬልን የትውልድ ዓመት ጻፈች፤ እምቢ። የድመቷን ስም ጻፈች፤ እምቢ። መነጽሯን አስተካክላ እንደ ሕፃን ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «የእናትሽ ስምስ?»

«ምን ገዶኝ፣ ይሞክሩ።»

አሥር ጊዜ ሞከረች። «አንቺ ልጅ፣ እንዴት ያለ ጥርቅም አድርገሽ ነው የቆለፍሽው! አውቶቡስ ላይ ቢጠፋብሽስ?»

«አዲስ እገዛለኋ። ያገኘው ሰው አያነበውም፤ ሌላው ቅጂ ደግሞ እህቴ ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል። ቲታ፣ የእርስዎ አንድ ናት፤ ግን ያገኛት ሁሉ ያነባታል። የእኔ ሁለት ናቸው፤ ከእኔ በቀር ማንም አያነባቸውም። ምስጢር የጠበቀው የትኛው ነው?»

ዊልማ ቶሎ የምትረታ ሴት አይደለችም። «የይለፍ ቃሉን ብረሳውስ?»

«ወረቀት ላይ ይጻፉት። ወረቀቱን ግን ከፍላሹ ጋር አያስቀምጡት።»

«ኢንተርኔት ላይማ የሰው ገመና አልሰቅልም!»

«ጠበቆቹ ካልፈቀዱ እኔም አይስቀሉ ነው የምለው። ሁለተኛዋን ፍላሽ የት ማስቀመጥ እንደሚቻልም እነሱን ይጠይቁ። ድምፁን ደግሞ እነሱ ‹ደርሶናል› ሳይሉ አያጥፉ። የሰው ስምም ፋይል ላይ አይጻፍም፤ ቁጥር ይበቃል።»

እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ። «በየሳምንቱ ቅጂዋን ከፍተሽ እያት። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ማቀዝቀዣው ይሠራል ብለን ዝም ብለን አናምንም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትሩን እናነብ ነበር።»

ዊልማ ሥራዋን ላከች። መድረሱን ካረጋገጠች በኋላ ማንም ሳይጠይቃት ስልኩን አነሳች። «የባለጉዳያችሁን ስም አንድ ሰው አይቶብኛል» አለች ለጠበቆቹ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስትዘጋ ፊቷ ገርጥቷል። «ለሰውየው ሊነግሩት ነው። እሱ መልስ እስኪሰጥ ሥራ አይልኩልኝም።»

ሐሙስ በረዶው ሜዳ ላይ ወዳጄ ድንጋዩን ሳያንሸራትት ቀረና ወደ እኔ ቀረበ። «እናንተ ሕንፃ ውስጥ ስሜን ያየ ሰው አለ አሉኝ ጠበቆቼ። ማን እንደሆነ ሰምተሃል?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ። «ፍላሿን እዚያ መጦሪያ የሚሠራ ሰው አግኝቷት ቢሆን፣ ሚስቴን ማታ ማን ይመግብልኝ ነበር?» አለ። ከዚያ ትንፋሹን አወጣ። «አንተ ከሆንክ ይሁን። ሴትዮዋም ራሷ ደውላ ተናግራለች፤ ሥራዋን አይከልክሏት እላቸዋለሁ።»

በማግስቱ የነገረኝን ለዊልማ ስነግራት ወደ ጠረጴዛዋ ጠቆመችኝ። ሁለት የተቆለፉ ፍላሾች ተቀምጠውበታል፤ አንደኛዋ ጠበቆቹ ወደፈቀዱት የባንክ ሳጥን ልትሄድ ነው። ቤቷ ቢቃጠል ሥራው ይተርፋል፤ ፍላሿ ብትጠፋ ምስጢሩ አይወጣም፤ ሹራቧም በሰላም ይታጠባል። ከሳምንት በኋላ ጠበቆቹ አዲስ ሥራ ላኩላት። የማን ቃል እንደሆነ አላወቅሁም፤ ፋይሉ ላይ የነበረው ቁጥር ብቻ ነው።