የቡ ላይ የሚዞረው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፤ ዳግማዊ፣ አንተም ከክቡራኑ ነህ፣ ለዛሬ ብቻ።

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬን ላድርስ። ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ንግስት፣ ይህን የበቾ ቦሬ ግቢሽን ለብስክሌት ክበባችን ከፍተሽ፣ የአበባ መደብሽን በሠላሳ ሳይክል አስረግጠሽ፣ አንድ ሽማግሌ ለመሸኘት ይህን ያህል ስለደከምሽ ገለቶሚ። ኬኩ ላይ «መልካም ዕረፍት» ተብሎ መጻፉን አይቻለሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ የማውቀው ከቀብር አበባ ላይ ነው። ግን ክሬሙ ወፍራም ስለሆነ ዝም ብያለሁ።

ለመሆኑ ከምንድን ነው የምታሰናብቱኝ? ሳይክሌን አልሰቀልኩም፤ ቅዳሜ እመጣለሁ። ዛሬ የምሰናበተው ከሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ለአሥራ አንድ ዓመት ከያዝኩት ከምድብ ሰጪነት ሥራ ነው። ሌላው ከራሱ ከአንደኛው ምድብ ነው። ይህን ሁለተኛውን ስናገር ፊቱ የበራ ሰው ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም።

ዛሬ የትዳር ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት የት እንደምትጠፉ ለእነሱ ላስረዳ። ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ እንደነገራችኋቸው አላውቅም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ ሦስት ምድብ አለን። ሦስተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ሜዳውን ዞሮ ለቁርስ ይመለሳል። ሁለተኛው በአጋሮ መንገድ የቡ ድረስ ይነዳና እዚያ ዞሮ ወደ ጅማ ይመለሳል። አንደኛው የቡን አልፎ አጋሮ ይገባል። የቡ ላይ መዞር ያለበት የቡ ላይ ይዞራል፤ ይህ ደንብ ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ምክንያት ነበረኝ። ጥላሁን አንድ ጊዜ ያለ ምድቡ አጋሮ ድረስ ተከትሎን ሲመለስ ጉልበቱ አልቆ፣ አይሱዙ ላይ ከበጎች ጋር ተጭኖ ነው ጅማ የገባው። በጎቹ ከእሱ ቀድመው በራሳቸው እግር ወረዱ ይባላል።

ምድቡ የሚሰጠው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ጅሬን ዳገት ላይ ነው። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቡና እየቀመስኩ ደረጃ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቡና ደረጃ ሁለት ነህ ሲሉት አይከራከርም። ሰው ግን ጎማዬ ለስልሶ ነበር ይላል፣ ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ አደረ ይላል። ስለዚህ ክርክር የማያስነሳ ዘዴ ፈጠርኩ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ከሰውየው ጎን እየነዳሁ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ ትናንት እንዴት ዋልክ? እላለሁ። ዳገቱ አናት ላይ እስካለው የድሮ ቤተ መንግሥት በር ድረስ ውሎውን እያወራ የወጣ አንደኛ ምድብ ነው። ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ የመለሰ ሁለተኛ። በእጁ ምልክት የሰጠ ሦስተኛ።

ጽዮናዊት በመጀመሪያ ዓመቷ የዩኒቨርሲቲ ውሎዋን ከቁርስ እስከ እራት ዘርዝራ ስትጨርስ በሩ ጋ ደረስን። «እርስዎስ አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ኩራት መስሏት ነበር፤ ትንፋሽ ነው ያጣሁት። ዳግማዊ በእጁ የሰጠኝ ምልክት ደግሞ እዚህ ሚስቱ ፊት የሚነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቅናቴ ልምጣ።

አዎ፣ ቅናት። ቀናተኛ ሰው ነኝ። በጥላሁን አዲስ ሳይክል ቀንቻለሁ፤ እሱ ላይ ተቀምጦም ያው ጥላሁን መሆኑን እስካይ ድረስ። በጽዮናዊት ሳንባ እቀናለሁ። የልጅ ልጄ ግቢ ውስጥ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክሉን ሲነዳ፣ ጉልበቱ ሳይንቋቋ መታጠፉ ያናድደኛል። ግን ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነበረኝ። አጋሮ ስገባ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ያየኝና «በዚህ ዕድሜው» ይላል። ባለሱቁ ይደግመዋል። እናንተም ፊት ፊት እየነዳችሁ ስትሉት ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ያቺ ቃል የእኔ ብቻ ነበረች። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የምታደርሰኝ እሷ ነበረች።

ከዚያ የዛሬ አራት ዓመት ኸይሩ መጣ።

ኸይሩን ለማታውቁ፣ እዚያ ጥግ ላይ ኬኩን ሳይነካ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው ነው። የለበስነው ማሊያ ሁሉ የእሱ እጅ ነው። የእኔን ሆዴ ላይ ሆን ብሎ አጥብቦታል ብዬ ሦስት ጊዜ መልሼበታለሁ። ሦስት ጊዜ በትዕግሥት ለክቶ፣ ማሊያው ያው ነው፣ ሌላው ነው የተለወጠው ብሎኛል። በዕድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አርባ አምስት ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጥ የኖረ ሰው ሳይክል ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት። እኔ አስቤው እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ሽማግሌ አንደኛ ምድብ ከገባ «በዚህ ዕድሜው» ለሁለት ይካፈላል። ያውም እኩል ከተካፈለ ነው።

በዚያ ጥቅምት እሱን የፈተንኩት በመጨረሻ ነው፤ ከእሱ በፊት አራት ሰው አጅቤ ዳገቱን ወጥቻለሁ። ትናንት እንዴት ዋልክ አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና ዝም አለ። እስከ በሩ ድረስ ዝም። ትንፋሽ አጥሮታል ብዬ ሁለተኛ ምድብ ጻፍኩት። ይህ ስህተት ነበር፤ በቅን ልብ የተሠራ ስህተት።

በሁለተኛው ዓመት ግን አየሁት። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው በአፍንጫው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አፉን ይዘጋል? ይህን ለማወቅ ቡና ቀማሽ መሆን አያስፈልግም። ዐወቅሁ፤ ዐውቄም ሁለተኛ ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ፣ በአራተኛውም እንዲሁ። ኸይሩ፣ ይህን ገና ዛሬ ነው የምትሰማው።

የባሰውን ልንገራችሁ? አጋሮ ኸይሩ የተወለደባት ከተማ ናት። ታላቅ እህቱ አደ ዙሀራ እዚያ ይኖራሉ። አንደኛው ምድብ አጋሮ ሲደርስ ሻይ የሚጠጣው የት ነው? እሳቸው ደጅ ነው። ወንድማቸው የሰፋውን ማሊያ ለብሰን፣ ግድግዳቸውን ተደግፈን፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበትን ዳቦአቸውን እንገምጣለን። እሳቸውም ብርጭቆውን እያቀበሉኝ፣ ከኋላዬ ያለውን መንገድ እያዩ፣ «ኦቦሌሲ ኮ ኤሳ ጅራ?» ይሉኛል። ወንድሜስ የት አለ ማለታቸው ነው።

እኔም ዳቦውን እያኘክሁ «ደረጃው ገና ነው» እላቸዋለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኳቸው።

ባለፈው ወር የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከየቡ በፊት ያለው ረጅም ዳገት ላይ ከአንደኛው ምድብ ተቆረጥኩ። ወደ ኋላ ሳታዩ ስለሄዳችሁ እግዜር ይስጣችሁ። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሩብ ሰዓት ዘግይቶ የሚነሳው ሁለተኛው ምድብ ከታች ብቅ አለ፤ ከሁሉም ፊት ኸይሩ። ቀድሞ ደረሰና ምን ሆንክ አለኝ። የሳይክሌ ካቴና ወልቆ ነው አልኩት።

ካቴናዬ ቦታው ላይ ነበር። ኸይሩ ካቴናውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ተንበረከከና አወለቀው። ንግስትና ሌሎቹ ሲደርሱ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ መልሶ ሲያስገባ አገኙት። ንግስትም «አይዞዎት ጋሼ፣ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል» ብላኝ አለፈች። ንግስት፣ የተበላሸው ዕቃ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው ጀርባዬን እየገፋ ዳገቱን አወጣኝ። እየገፋኝም ያወራል። ሳይክል ያስተማረችው ዙሀራ እንደሆነች፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ በገበያው ዳር ትሮጥ እንደነበር፣ አንድ ቀን ሳትነግረው ለቃው ብቻውን መሄዱን አወራኝ። አሁን እግሯን ስለሚያማት ከደጇ አትርቅም አለ። በዓል በዓል በሚኒባስ ሲሄድላት፣ አንድ ቀን በሳይክል ስትገባ ልይህ እያለች ትነዘንዘዋለች። የእኔን ስም ጠርታ፣ ሣህሉ ደረጃው ገና ነው ብሎኛል ስትለው ደግሞ፣ እውነቱን ነው ይላታል። ይህን ሁሉ ሲያወራ ትንፋሹ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆረጠም።

እኔ ለመናገር ዳገቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ማውራት እየቻልክ፣ ጅሬን ላይ አፍህን የምትዘጋው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«አንተ እያለከለክህ ነበራ» አለኝ። «እኔ እያወራሁ ብወጣ ፈታኙ ማን፣ ተፈታኙ ማን ሊባል ነው? ልጆቹ ከኋላችን ነበሩ እኮ።»

እውነት ልንገራችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ቀንቼ አላውቅም። በጉልበቱ ስቀና ቢያንስ ሰበብ አላጣም ነበር፤ የስፌት መኪናው ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በዚህኛው ግን ምን ልበል? እኔ እሱን ስደብቅ እሱ እኔን ሲሸፍነኝ ኖሯል። በየትኛው ዳገት ላይ ልቀድመው ነው?

የቡ ስንደርስ እንደ ደንቡ ዞረ። እኔስ? አንደኛ ምድብ ነኛ፣ ቀጠልኩ። ከየቡ አጋሮ የደረስኩት በአይሱዙ ነው። ጥላሁን፣ ይቅርታ፤ በግ አልነበረበትም። ከተማው መግቢያ ላይ ወርጄ ነዳሁ፣ መንገድ ዳር የቆመውም ሰው «በዚህ ዕድሜው» አለ። ቃሏ እንደ በፊቱ አልጣመችኝም። አደ ዙሀራ ብርጭቆውን ሰጡኝና እንደ ሁልጊዜው ጠየቁኝ። የለመድኳትን መልስ ልናገር አፌን ብከፍት አልወጣ አለችኝ። በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው።

በገዛ ደንቤ ሦስተኛ ምድብ ማለት ነው።

ኸይሩ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ተነስተህ እንዳታቅፈኝ፤ ሰው ፊት በደግነት ደግመህ እንዳታሸንፈኝ። እዚያው ተቀምጠህ ስማ። ደብተሩ ላይ ያለውን አራቱንም ሁለተኛ ሰርዤ አንደኛ ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ጽዮናዊት፣ ነይ ልጄ። ይህ ደብተሩ፣ ይህ ፊሽካው። ፊሽካውን እጠቢው። አንቺ ስትቀበይኝ እንኳ እየቀናሁ ነው፤ እኔ ስሾም ማንም አላጨበጨበም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከጎንሽ የሚነዳው ሰው ዝም ካለ፣ እሱን ከመመደብሽ በፊት የራስሽን ትንፋሽ አዳምጪ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልቀመጥ። አሜን በሉ፤ ዳግማዊ፣ በአፍህ፣ በእጅህ አይደለም። መንገዱ ደረቅ ይሁንላችሁ፤ ዝናቡም ቤት እስክትገቡ ይታገሣችሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬናችሁ አይክዳችሁ። የአይሱዙ ሾፌር ሁሉ በመስታወቱ ይያችሁ። የታመመው ጉልበት ይዳን፣ ጤነኛውም ይሰንብት። እናንተ ልጆች ለእኔ ዕድሜ ድረሱ፤ ደርሳችሁም ከኋላችሁ የሚመጣ ስታዩ ልባችሁ እንደ ልቤ አይጥበብ። የእኔንም ቅናት ፈጣሪ ወደ ቀላሉ ማርሽ ይቀይርልኝ። ጨርሶ እንዳያወልቀው ግን፤ ዳገት የምወጣው በእሱ ነው።

ኸይሩ፣ ቅዳሜ የቡ ላይ እንዳትዞር። ጽዮናዊት አዝናልኝ ሁለተኛ ምድብ ካደረገችኝ፣ እኔ እዞራለሁ። አደ ዙሀራ አንተን በዓይናቸው ከጠገቡ በኋላ መንገዱን አይተው ያ ሽማግሌስ ካሉህ፣ ደረጃው ገና ነው በላቸው።