አያ ኡበይደላ፣ ትንሹ መጋዝና የበረቱ መቀርቀሪያ

አያ ኡበይደላ በዚያ ሐሙስ ጠዋት በአንድ እጃቸው ጊደር እየሳቡ፣ በትከሻቸው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ የሞተር መጋዝ ተሸክመው ወደ መርሳ ወረዱ። ሁለቱንም ለአንድ ነጋዴ ሰጥተው ትልቅ መጋዝ ሊያመጡ ነው። ጊደሯ ለከርሞ የቤቱ ወተት ነበረች፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ነው የሄዱት።

ነገሩ የመጣው በመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ በቅሬው ስብሰባ ነው። የሟቹ የረዲ ሚስት ዙልፋ ቤቷ በክረምቱ ፈርሶባት ከሦስት ልጆቿ ጋር በዘመድ ማድ ቤት ተጠግታ ነበር። ቅሬው ቅዳሜ ቤቷን ሊያቆምላት ተስማማ። አንዱ ድንጋይ፣ ሌላው ጭድ ሲል፣ አያ ኡበይደላ ከሁሉ ቀድመው ተነሡና «ምሰሶውም ማገሩም በእኔ ይሁን! መጋዝ አለኝ» አሉ። ረዲ የልብ ጓደኛቸው ነበር። ግን ልጃቸው ከአዳማ የላከው ያ ትንሽ መጋዝ በሁለት ቀን አራት ምሰሶ ብቻ ቆረጠ። ሃያ ቀረ፤ ቅዳሜም ደረሰ።

አስፋልቱ ዳር ጊደሯ ድንገት ቆመችና መኪና የምትጠብቅ የአንዲት ወጣት ቦርሳ መላስ ጀመረች።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ ገበያ አልለመደችም።»

«ምንም አይደል አባቴ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የሞተር መጋዝ ነው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ቤንዚኑ ይሸታል።»

ወጣቷ ሩት ትባላለች። ወልድያ የቴክኒክ ትምህርት ተምራ፣ አሁን ሲሪንቃ አካባቢ የውኃ ሞተርና የመውቂያ ማሽን ትጠግናለች። ለሥራዋ ያላት ፍቅር መንገደኛ እስከማስቆም ይደርሳል። አያ ኡበይደላም የሚያማርሩለት ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

«ርካሽ ነገር ነው ልጄ። ሲጮኽ ብትሰሚው ጫካ ይጨርሳል ትያለሽ። አይቆርጥም!»

«ሲቆርጡ የሚወጣው ምን ይመስላል? ስንጣሪ ነው ወይስ ዱቄት?»

አያ ኡበይደላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተው አያውቁም። «ዱቄት ነው። በወንፊት የሚነፋ ዱቄት።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ጥርሱ ደንዝዟል።»

«ከተገዛ ሁለት ወሩ ነው እኮ!»

«መጥረቢያዎን በስንት ጊዜ ይስሉታል?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«መጋዙንስ?»

«ሞተር ያለው ነገር ደግሞ ይሳላል እንዴ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው። በእሳቸው አይፈረድም። ሞተሩ ሁሉን ይችላል ብሎ ማመን የብዙዎቻችን ስሕተት ነው፤ መጥረቢያውን በየጠዋቱ የሚስል ገበሬ መጋዙ ፊት ሲደርስ ሙያውን ይረሳል።

«ትልቁስ? ትልቁ ሳይሳል ይቆርጣል ብለውኛል።»

«ጉልበት ስላለው ጥቂት ቀን እየቀደደም ይሄዳል። ትንሹ ግን ጉልበት ስለሌለው ነው ከትልቁ ይልቅ ስለት የሚፈልገው። ትልቁን ይዘው ቢመለሱም በወሩ እዚሁ ነው የምንገናኘው።»

«ያኔ በምን ልንለውጥ ነው፣ በበሬው?» ብለው ሳቁ። ከሳቃቸው በኋላ ግን ጊደሯን አዩዋት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው። «በይ፣ ቤቴ ቅርብ ነው። እስከ ዙሁር ሶላት ካልቆረጠ ነጋዴው ዘንድ እሄዳለሁ። አላህ ይወቀው!»

«አብሽሩ አባቴ፣ አይዞዎት» አለች ሩት፤ የወሎ ልጅ ናትና።

ቤት ሲደርሱ ሩት ከመጋዙ ጋር የመጣ ቀጭን ክብ የመሳያ ሞረድ እንዳለ ጠየቀች። የአያ ኡበይደላ ባለቤት ዘሀራ ወደ ፍየሎቹ በረት እየጠቆመች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «መቀርቀሪያ አድርጌው!» ሞረዱ ተነቀለ፤ ፍየሎቹም ግቢውን ሞሉት።

ሩት ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጣ ሰንሰለቱን ጥርስ በጥርስ ሞረደች፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ የአንዱን ወገን ጨረሰች፣ ከዚያ የሌላውን። አያ ኡበይደላ ቁጢጥ ብለው እንደ ልጅ ይጠይቃሉ።

«ለምን ወደ ፊት ብቻ?»

«ሲመለስ አይሞርድም፤ ሞረዱን ራሱን ይጎዳዋል።»

«ለምንስ ሁሉም ሦስት ሦስት?»

«አንዱ ወገን ከበለጠ ቆረጣው ይጣመማል።»

አያ ኡበይደላ ወደ ቆረጧቸው ምሰሶዎች ዞረው አዩ። አራቱም ምሰሶዎች ጫፋቸው ጠምሞ ነበር፤ እሳቸው ግን እንጨቱን ሲራገሙ ሰንብተዋል። ሩት ቀጥላ የአየር ፊልትሮውን አራገፈች፣ የዘይቱን ቀዳዳ ጠረገች፣ የላላውን ሰንሰለት አጠበቀች። «ሳብ አድርገው ሲለቁት ቦታው ይመለስ፤ በጓንት ይዘው ሲጎትቱት ደግሞ ሳይከብድ ይንሸራተት። ልኩ ይኼ ነው።»

ከዚያ ወደ ግንዱ ሄደች። ልጡን በጥፍሯ ጫር ስታደርገው አሸዋ ረገፈ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከወንዙ ነዋ። ከማዶ ቆርጠን በበሬ ጎትተን እናመጣዋለን። ልጡና ስንጣሪው ለሴቶቹ ማገዶ ነው፤ ጫካ ትቶት የሚመጣ ሰው እዚህ አገር አባካኝ ይባላል።»

«ስለቱን የሚበላው ይኼ ነው አያ ኡበይደላ። ጧት ቢስሉት አንድ ግንድ ላይ ያልቃል።»

«የአባቶቻችንን ልማድ ለመጋዝ ብለን እንተው?»

«ልማዱ ለማገዶው አይደል? ማገዶው አይቅር። እዚያው ማዶ ልጠው ይቁረጡት፤ ልጡንና ስንጣሪውን በከረጢት ያምጡት። በሬውም ያርፋል።»

ዘሀራ ከወዲያ «እኔም አሸዋ ከሚያፈስ ማገዶ እገላገላለሁ» ስትል፣ አያ ኡበይደላ በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን እንደቀሩ ገባቸው።

ግንዱ ተላጠ፣ በሁለት ጉማጅ ላይ ከመሬት ከፍ ተደረገ። አያ ኡበይደላ ጋቢያቸውን ጥለው ሞተሩን አስነሡና እንደ ልማዳቸው በደረታቸው ተጫኑት።

«አይግፉት!» ጮኸች ሩት። «የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ይምሩት ብቻ!»

አያ ኡበይደላ ሞተሩን አጥፍተው ቆሙ። ሩት ያስቀየመቻቸው መስሏት ደነገጠች። እሳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነው። ከረዲ ጋር ሠላሳ ዓመት በሁለት ሰው መጋዝ ጣውላ ሰንጥቀዋል። በዚያ መጋዝ ሰው ወደ ራሱ ይስባል፤ ጓደኛው ሲስብ ይለቃል። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ማሳየት ስለሚወዱ ይገፉ ነበር፤ ረዲም ከወዲያ «ተው ኡበይደላ፣ አትግፋ» ይል ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እሱም ይኼንኑ ነበር የሚለኝ» አሉ፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም።

እንደገና አስነሡ። አሁን ያዝ አድርገው በራሱ ክብደት እንዲወርድ ለቀቁት። ነጭ ስንጣሪ እግራቸው ሥር ተከመረ፣ ግንዱም ቀጥ ብሎ ተቆረጠ። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ሦስተኛውን ጨርሰው ነበር። ጊደሯ ስንጣሪውን ታሸታለች፤ ነጋዴው መርሳ ላይ ይጠብቅ።

አርብ ከጁምዓ መልስ ማዶ ተሻግረው ቀሪውን እዚያው ልጠው ቆረጡ። ቤንዚኑ ተረፈ፣ ወገባቸውም አላመማቸውም። በየመሀሉ ቁጭ ብለው ሲሞርዱ ያያቸው ሁሉ ሥራ የፈቱ መስሎት አሾፈ። ቅዳሜ ሃያ አራቱም ምሰሶ ሲቆም ግን ያሾፈው ሁሉ ሞረዱን ሊያይ መጣ። ቅሬውም እንጨት በወንዝ አሸዋ ላይ እንዳይጎተት፣ ማገዶው በከረጢት ወደ ባለእንጨቱ ቤት እንዲመጣ ተስማማ። የተሳለ ትንሽ መሣሪያ ጊደር ከመሸጥ ያድናል፤ በሬ ያሳርፋል፤ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይሰጣል። ይህን ለማወቅ የፈጀው አንድ ጠዋትና አንድ መቀርቀሪያ ነው።

መሀል ምሰሶው ሲተከል አያ ኡበይደላ ወደ ዙልፋ ጠጋ አሉ።

«ረዲ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አትግፋ ሲለኝ ኖሮ፣ ገና ከትናንት ወዲያ ሰማሁት።»

ዙልፋ ምሰሶውን በመዳፏ ዳሰሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያያት አልነበረም፤ አሁን ግን እያለቀሰች ሳቀች።

«ማታ ማታ ትከሻውን እያሻሸሁለት ምን ይለኝ እንደነበር ያውቃሉ? ‹ኡበይደላ ዛሬም ሲገፋኝ ዋለ፤ ግን ከእሱ ሌላ ከማንም ጋር አልስብም› ይለኝ ነበር።»