አሰልጣኝ ትርንጎ አዝመራው በሁዳዴ የጠጡት ወተት

ለቅሶ የመጣችሁ ወገኖች፣ ጥቂት ጸጥ በሉና የእኅታችሁ ዜና ሕይወት ይነበብ፤ እሳቸውም ሲያሰለጥኑ ወሬ አይወዱም ነበር።

አሰልጣኝ ትርንጎ አዝመራው ከአባታቸው ከመሪጌታ አዝመራው ተክለ ሚካኤልና ከእናታቸው ከነፍስኄር ወይዘሮ አገሬ ጋሻዬ በ1946 ዓ.ም. በላስታ ላሊበላ ተወለዱ፤ ራሳቸው ወጥቶ እግራቸው እስኪወጣ አዋላጇ ምሳዋን በልታ ተመልሳለች ይባላል፤ የሚጠራጠር ካለ ሳጥኑን ይመልከት፣ አናጺው ጣውላ ቀጥሎበታል።

ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው እግር ሥር፣ ዘመናዊውን ትምህርት በላሊበላና በደሴ ተምረው፣ በአብዮቱ ማግስት የወሎን የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን እየመሩ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫ አነሡ፤ ኳሷን ይወረውሩ ነበር ማለት ነውር ነው፣ እንደ ዕንቁላል ያስቀምጧት ነበር እንጂ። መሪጌታ ልጃቸው በቁምጣ በአደባባይ መሮጣቸው ቢያሳዝናቸውም ዋንጫውን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ጉልበታቸው ሲጎዳ ወደ ላሊበላ ተመልሰው የስፖርት መምህርት ሆኑ፤ ባልደረባቸውን መምህር ሞላን አገቡ፤ ልጅ አልወለዱም። አሰልጥኚ ሲባሉም «ሰው ሲጫወት ዳር ቆሜ ልጮህ? የገበያ ደላላ አደረጋችሁኝ እንዴ!» እያሉ እንቢ አሉ።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። እሱን ማጋነን የሚችል አፍ አልተፈጠረም። ከክፍላቸው ወንበሩ እየቀረ ልጆቹ ጠፉ። ለውድድር ደሴ የሚገባ ቡድን በካምፕ ቀለብ እንደሚሰጠው የሰሙ ዕለት አሰልጣኝ ሆኑ።

ከቀሩት ልጆች አምስት ሴቶች መርጠው፣ የበርሜል ቀለበት ግንድ ላይ ሰቅለው፣ ልጆቹ አቅም ስላልነበራቸው ሩጫን ከልክለው ቆሞ መቀባበልን ብቻ አስተማሩ፤ ኳሷ እያመለጠች ወደ ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን ጉድጓድ ስትገባም እዚያ የሚያገለግሉት መሪጌታ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ይመልሱላቸው ነበር።

በእርዳታ መኪና ደሴ ደረሱ። ቀለቡ ምን እንደሆነ ግን ሳይጠይቁ ነበር የሄዱት፤ ካምፑ እህል አልቆበት የሚያድለው የዱቄት ወተት ብቻ፣ ጊዜውም ሁዳዴ። ከአምስቱ አንዷ፣ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀባት አለሜ «የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱ አልነካም» አለች፤ ሌሎቹም ኩባያቸውን አስቀመጡ። ጾሙ የማይመለከታት ረሒማ እንኳ «እትዬ፣ እነሱ ጦማቸውን እያደሩ ለእኔ በየት በኩል ይወርድልኛል?» አለች። በማግሥቱ አለሜ ከተቀመጠችበት መነሣት አቃታት።

አሰልጣኝ ትርንጎ ኩባያውን አንሥተው በፊታቸው ጭልጥ አደረጉና «ጾሜን ገደፍሁ። የእናንተም ኃጢአት በእኔ ላይ ይሁን። ጠጡ!» አሉ። ጠጡ። ውድድሩን ተሸነፉ፤ ዓለም ከተፈጠረ እንደዚያ የተሸነፈ ቡድን የለም፤ ግን አምስቱም በእግራቸው ቆመው ተሸነፉ።

መሪጌታ ይህን በሰሙ ጊዜ ሰላምታ ነሷቸው፣ ደጃቸውንም ዘጉባቸው። ከዚያ ወዲያ ኳሷ ጉድጓድ ስትገባ አሰልጣኟ ራሳቸው በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ይወርዱ ነበር፤ አባትየውም እዚያው ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳል ጠናባቸው። አምስቱ ልጆች በቃሬዛ ተሸክመው ደሴ ሆስፒታል ሊያደርሷቸው ቢነሡም በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ ከመንገድ መለሷቸው። አሰልጣኟም ኮቴ በሰሙ ቁጥር «አባባ መጡ?» ይሉ ነበር፤ አልመጡም። በተወለዱ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ትናንት ንጋት ላይ ዐረፉ።

የወተቱ ነገር በለቅሶ ላይ አይነበብም ብለን ትተነው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን መሪጌታ አሰልጣኟ ከታመሙ ወዲህ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረችውን ኳስ አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡና «አንብቡት፤ ጮኽ ብላችሁ አንብቡት፤ እሷ ስትነግረኝ ያልሰማሁትን አሁን ልስማው፤ ልጆቹም ይቁሙና ልያቸው» አሉ።

ልጆች፣ እስቲ ቁሙ።

አሰልጣኝ ትርንጎ አዝመራው አባታቸውን መሪጌታ አዝመራውን፣ ባለቤታቸውን መምህር ሞላን፣ አለሜን፣ ረሒማንና አብረዋቸው የቆሙትን ሦስቱን ትተው ሄደዋል። አምላክ ሆይ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር አሳርፍልን፤ አባታቸው ደጃቸውን ለመክፈት ዘግይተዋልና፣ አንተ አትዘግይባቸው። አሜን።